ሪባን እስኪቆረጥ የሚጠብቅ አንጀት

ካርቱም፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ዕለተ ስቅለት

ለክቡር ዶክተር ወልደሥላሴ፣
በካርቱም ሁለት ሠፈር የሚገኘው ሆስፒታል ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት።

ግልባጭ፦ ማንበብ ለሚችል ሐበሻ ሁሉ።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ፣ ቢሮዎ፣ የቢሮዎ ማቀዝቀዣ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? ለእርስዎ የምመኝልዎ ሙሉ ጤና ነው፤ ይልቁንም የሆድ ጤና። የቀመሱት ሁሉ ይስማማዎ፣ የዋጡትም የትም ሳይቆም መንገዱን ይጨርስልዎ። ይህን እንደ ተራ ሰላምታ እንዳይቆጥሩብኝ አደራ እላለሁ፤ የዋጠው መንገዱን ያልጨረሰለት ሰው ምን እንደሚሆን በእርስዎው ሆስፒታል፣ በሁለተኛው ፎቅ፣ ከመስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ ሳምንቱን ሙሉ ሳይ ስለሰነበትኩ ከልቤ ነው የምመኝልዎ።

በአማርኛ በመጻፌ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ማክሰኞ ዕለት በቢሮዎ በር ላይ በአማርኛ ሳናግርዎ በዐረብኛ ስለመለሱልኝ፣ እኛን ካመጣን ስደት ጋር ቋንቋውም ከእጅዎ የወደቀ መስሎኝ አዝኜልዎ ነበር። ወዲያው ግን ስልክዎ ጮኸና ከሆነ ሰው ጋር ስለ ፋሲካ በግ ጥርት ባለ የአገር ቤት አማርኛ ሲጨዋወቱ ሰምቼ ተጽናናሁ። እንግዲህ ደብዳቤዬ አስተርጓሚ አያስቸግርም። አንዱን ቅጂ ለጸሐፊዎ እሰጣለሁ፤ ሌሎቹን ደግሞ፣ ብቻዎን አንብበው እንዳይሰለችዎ በማሰብ፣ ሐበሾች በምንሰበሰብበት ምግብ ቤት በርና በቤተ ክርስቲያናችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እለጥፋለሁ።

ማንነቴን ዘንግተውት እንደሆነ ላስታውስዎ፤ ጸጋዬ እባላለሁ። በአገሬ የታሪክ አስተማሪ ነበርኩ፤ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ግን ሱቅ ዐረቢ በሚባለው ገበያ ውስጥ የማስታወቂያ ሰሌዳ እጽፋለሁ። በሆስፒታልዎ ግንባር ላይ «ያለ ትልቅ ቁስል በካሜራ የሚደረግ የሆድ ቀዶ ሕክምና ጀምረናል» የሚለውን በአረንጓዴ ቀለም የጻፍኩት እኔው ነኝ። «ጀምረናል» የሚለው ቃል ከሁሉ ጎልቶ እንዲታይ ያዘዙኝ እርስዎ ሲሆኑ፣ እኔም ትዕዛዝዎን አክብሬ ከጀብራ የሚመጣ ሰው ሚኒባስ ውስጥ እንደተቀመጠ እስኪያነበው ድረስ አግዝፌዋለሁ። ሌላው ሰው ማስታወቂያውን ይመን አይመን አላውቅም፤ እኔ ግን አምኜ ልጄን አመጣሁልዎ።

ልጄ ትሁት ትባላለች። እዚሁ ካርቱም ተወልዳ ያደገች፣ በአንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ የምትሠራ፣ አማርኛው ባጠራት ቦታ ዐረብኛ እየሰካች የምታወራ፣ ከጀብራ ሠፈራችን ሰው ግማሹን በስም የምትጠራ ልጅ ናት። ሕፃን ሳለች ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ሆዷ በሌላ ሆስፒታል ተከፍቶ ነበር። ያ ቁስል ከላይ ቢደርቅም፣ ከውስጥ ጠባሳው ክር ሠርቶ ትንሹን አንጀቷን እርስ በርሱ እንዳጣበቀው የእርስዎው ቀዶ ሐኪም ዶክተር ዛኪር አስረድተውኛል። የውሃ ጎማ ሲታጠፍ እንደሚሆነው ነው፤ ከታጠፈው ወዲህ ያለው ይነፋል፣ ወዲያ ያለው ይደርቃል። አሁን በአፍንጫዋ ቱቦ ገብቶ የተጠራቀመውን አረንጓዴ ውሃ ይቀዳል፤ በአፏ ግን ጠብታ ውሃ አይገባም።

ዶክተር ዛኪር መፍትሔውንም ነግረውኛል። በእምብርቷ ዙሪያ ጥቂት ትንንሽ ቀዳዳዎች ከፍተው፣ በአንዱ ካሜራ፣ በሌሎቹ ቀጫጭን መቀሶች አስገብተው፣ ያን የጠባሳ ክር ፈልገው ይቆርጡታል፤ አንጀቱም ይለቀቃል። ሕመሙ ይቀላል፣ ቶሎ ትነሣለች፣ አዲስ ጠባሳም ብዙ አይፈጠርባትም። ሆዷ እንደገና በቁመቱ ከተከፈተ ግን ያው መጣበቅ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ይህ ሁሉ ታዲያ ሆዷ አብዝቶ ሳይነፋና አንጀቷ ሳይጎዳ፣ ካሜራው የሚያይበት ቦታ እስካለ ድረስ የሚሆን እንደሆነ አስጠንቅቀውኛል። እንግዲህ ከዚህ በታች በቁጥር የዘረዘርኳቸውን ምስጋናዎቼን በትዕግሥት እንዲቀበሉኝ እለምናለሁ።

፩ኛ. ማሽኑ ስለመኖሩ ቅንጣት ጥርጥር የለኝም። በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ በኮሪደሩ መጨረሻ ባለው ክፍል ነጭ ጨርቅ ለብሶ ቆሟል፤ በሩ ላይም ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀይ ሪባን ታስሯል። ዶክተር ዛኪር ሰኞ ጠዋት ልጄን ወደዚያ ክፍል ላስገባ ብለው ሲጠይቁዎ፣ ክፍሉ በክቡር እንግዳ ተመርቆ ሳይከፈት በሽተኛ እንደማይገባበት ገልጸው ቁልፉን ወደ ኪስዎ መልሰዋል። የጽዳት ሠራተኛዋ ግን በየጠዋቱ ቁልፉን ከእርስዎ ተቀብላ፣ በሪባኑ ሥር ጎንበስ ብላ አልፋ ማሽኑን ትወለውላለች። ልጄም ጎንበስ ማለት እንደምትችል፣ ከሕመሙ የተነሣ ከጎበጠች መሰንበቷን በማክበር አሳውቅዎታለሁ። ማሽኑ አቧራ እንዳይነካው ስላደረጉት ጥንቃቄ እያመሰገንኩ፣ ከዚህ ጥንቃቄ ጥቂቱ ለሰው እንዲተርፍ እመኛለሁ።

፪ኛ. ክቡር እንግዳው ማክሰኞ ይመጣሉ ተባልን። ማክሰኞ ወንበሮች ተደረደሩ፣ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ከሰዓት በኋላ ምንጣፉ ተጠቀለለ። ረቡዕም ሐሙስም እንዲሁ ሆነ። እኔ ልጄን ወደ ሌላ ቦታ ልውሰድ ባልኩ ቁጥር እርስዎ «ኢንሻላህ ቡክራ»፣ እግዚአብሔር ካለ ነገ፣ እያሉ አስቀሩኝ፤ እንዲህ ያለ ማሽን ያለው ሌላው ሆስፒታልም ሐኪሙ ለበዓል አገሩ መግባቱን ስለነገረኝ ነገን አምኜ ቀረሁ። ትሁት ከቢሮዎ በተመለስኩ ቁጥር ፊቴን አይታ፣ እርስዎን በዐረብኛ በሹመትዎ እየጠራች፣ «ያባ፣ ሙዲሩ ምን አለ? ቡክራ አለ?» ትለኛለች። እኔም ቡክራ አለ እላታለሁ።

ለመዘግየቱ የሰጡን ምክንያት «የአገሪቱ ሁኔታ» የሚል ነው። ምክንያቱን አልነቅፍም። እንግዳው ትከሻቸው በኮከብ የተሞላ ሰው በመሆናቸው ሥራ እንደበዛባቸው ግልጽ ነው፤ ሥራቸው ምን እንደሆነም ከባለ ሦስት እግሩ ረክሻ ነጂ ጀምሮ ሁሉም ያውቀዋል፣ ጮክ ብሎ የሚናገረው ግን የለም። ሰሞኑን ወደ ሆስፒታልዎ ስመላለስ በየአደባባዩ መትረየስ የተጠመደባቸው መኪናዎች ቆመው አያለሁ፤ ሱቅ ዐረቢ ያሉ ነጋዴዎች ዕቃቸውን በጊዜ ይሰበስባሉ፤ ሠፈራችን ውስጥ ዱቄትና የመጠጥ ውሃ ገዝቶ ያላስቀመጠ የለም። ከተማው በሙሉ የሆነ ነገር እየጠበቀ ነው፤ ምን እንደሆነ ስለማላውቅ ይበልጥ ያስፈራኛል። እርስዎ ግን በዚህ መሐል ሪባን የሚቆርጡ እንግዳ በተረጋጋ መንፈስ መጠበቅዎ የሚደነቅ ነው።

፫ኛ. ይህኛው ረዘም ይላል፣ ይታገሡኝ። ትሁት ወደ እርስዎ የመጣችው ዘግይታ እንደሆነ፣ ጥፋቱም የቤተሰቡ እንደሆነ በነርሶች ፊት ተናግረዋል። እውነትዎን ነው፤ እንዴት እንደዘገየች ግን ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል።

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ እንደዋሉ ያውቃሉ። የልጄ እናት ስንቅነሽ፣ ትሁት ምሳ መተዋን ስታይ ከጎረቤታችን ከኒዕማ ልጆች ጋር ረመዳን የያዘች መሰላት። ልጅ ሳለችም ለጓደኞቿ ስትል እስከ ቀትር ትጾምላቸው ነበርና፣ የጉርብትና ፍቅር ነው ብላ ዝም አለች። ኒዕማ በበኩሏ፣ ትሁት ለኢፍጣር ተጠርታ ሳህኑን ስትገፋ፣ ሐበሾች ሕማማት ሲቃረብ ጾማቸውን እንደሚያጠብቁ በየዓመቱ ስለምታይ የእኛን ጾም ያጠበቀች መሰላት፤ እሷም ሃይማኖታችንን አክብራ ዝም አለች። ሁለት እናቶች እየተከባበሩ አንዲት ልጅ በመሐላቸው ትከሳለች። ልጅቷ ሆዷን ይዛ ስታቃስት በዚያም ቤት በዚህም ቤት የተሰጣት መልስ አንድ ነበር፤ ጾም መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያደርጋል፣ በርቺ።

የሆሳዕና ዕለት ስንቅነሽ ዘንባባዋን በጣቷ አስራ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ኒዕማ በር ላይ አገኘቻትና «ማሻላህ፣ ልጅሽ በእናንተ ጾም እንዴት በረታች!» አለቻት። ስንቅነሽም «በእኛ? የእናንተን አይደል እንዴ የያዘችው?» አለች። ሁለቱም ተከታትለው ወደ ውስጥ ሮጡ። እኔ ከኋላቸው ስደርስ ትሁት መሬት ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች፤ ኒዕማ ቀሚሷን ገልጣ ሆዷን በእጇ እየዳሰሰች «ይሄ ጾም አይደለም፣ ያላ፣ ረክሻ ጥሩ!» ትጮኻለች። ትሁትም «ያባ፣ ስነግራችሁ ነበር ወላሂ» አለችኝ። ያቺን ቃል እስካሁን መስማት አላቆምኩም።

ይህንን ታሪክ ነርሶቹ ሲያጫውቱዎ ስቀው «ጾም የለመደች ልጅ ከሆነች ጥቂት ቀን መጠበቅ አይከብዳትም» ማለትዎን ሰምቻለሁ። ሁለቱን ሃይማኖቶች በአንድ ጊዜ ያስተናገደ አስተያየት ስለሆነ ሊመሰገን ይገባዋል። ልዩነታችንን ብቻ ላስቀምጥ፤ እኛ ልጃችንን ያዘገየናት ሳናውቅ ነው። እርስዎ የሐኪም ምስክር ወረቀትዎ ግድግዳዎ ላይ ተሰቅሎ፣ የራጅ ፊልሟ ጠረጴዛዎ ላይ ተዘርግቶ ነው የሚያዘገዩአት።

፬ኛ. ትናንት በላኩት ሰው በኩል የምሥራች ደርሶናል። ምረቃው ቅዳሜ ጠዋት እንዲሆን ተቆርጧል፤ ትሁትም የማሽኑ የመጀመሪያ ታካሚ ሆና በቴሌቪዥን ትታያለች። ለዚህ ክብር ምን ብዬ ላመስግን? መልእክተኛዎ አክሎም፣ በአፍንጫዋ ያለው ቱቦ ለእንግዳው ዓይን ስለማያምር ቀረጻው እስኪያልቅ እንዲነቀል፣ ፀጉሯም እንዲበጠር አሳስቧል። ፀጉሯን ስንቅነሽ አበጥራታለች። ቱቦው ከተነቀለ ግን የሚወጣው ወደ ሳንባዋ ሊገባ እንደሚችል ዶክተር ዛኪር ለመልእክተኛው በቁጣ ነግረውታል። ክቡር ሆይ፣ ከሕመሟ ይልቅ መልኳ እንዳያስከፋ መጨነቅዎን ለአንድ አባት ማስረዳት ይከብዳል፤ እኔም ለመረዳት ሞክሬ አልሆነልኝም።

፭ኛ. ፈርቻለሁ። ይህን በምን ዓይነት የአክብሮት ቃል እንደምጽፈው ስላላወቅሁ እንዲሁ ጻፍኩት። ዛሬ ጠዋት ዶክተር ዛኪር ሆዷን ከነኩ በኋላ እንደ ወትሮው ወደ እኔ አላዩም፤ ወደ መስኮቱ ዞረው ካሜራው የሚያይበት ቦታ እየጠበበ ነው አሉኝ። ደም ያልደረሰው አንጀት እንደሚጠቁር፣ ከጠቆረ በኋላም በመቀስ ማላቀቅ ሳይሆን ቆርጦ ማውጣት ብቻ እንደሚቀር ነግረውኛል። ሕመሙ እስካሁን መጣ ሄድ ይል ነበር፤ ሄዶ መመለሱን ትቶ የቆመ ዕለት ግን ጊዜው አልፏል ማለት ነው ብለዋል። እኔ እንግዲህ ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ሕመሙ እንዲሄድላት ብቻ ሳይሆን፣ ሄዶ እንዲመለስ ጭምር የምጸልይ አባት ሆኛለሁ። ልጄ ስታቃስት እደነግጣለሁ፤ ዝም ስትል ይብስብኛል።

ስለሆነም በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ዛሬውኑ ቁልፉን ለዶክተር ዛኪር ይስጡልን። ሪባኑን ማንም አይነካውም፤ ልጄን በሥሩ እናሳልፋታለን። ነገ ጠዋት እንግዳዎ ሲመጡ እንዳማረበት ያገኙታል፤ ማሽኑም ሥራ አልጀመረም ብለው ቢያስመርቁት ምስክር ሆኜ አልቀርብብዎትም። ቢሻዎ «ጀምረናል» የሚለውን ቃል በራሴ ቀለም በነፃ አድስልዎታለሁ።

ለሥልጣንዎ ዕድሜን፣ ለወንበርዎ ጽናትን፣ ለሪባንዎ ስለታም መቀስን እየተመኘሁ፣ በሁለተኛው ፎቅ ኮሪደር ባለው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ መልስዎን የምጠባበቅ፣ ትዕግሥቱ ያለቀበት እንጂ አክብሮቱ ያልጎደለበት፣

የአገርዎ ሰው፣
ጸጋዬ፣ የትሁት አባት

የተጨመረ፣ ሚያዝያ 7 ቀን፣ ቅዳሜ

ክቡር ዶክተር፣ ትናንት ደብዳቤውን ይዤ ወደ ቢሮዎ ስወርድ ተዘግቶ አገኘሁት፤ ለስቅለት ስግደት ሄደዋል አሉኝ። እርስዎ እየሰገዱ ሳለ የትሁት ሕመም ሄዶ መመለሱን አቆመ፤ ትኩሳትም ያዛት። ዶክተር ዛኪር ደጋግመው ደወሉልዎ፤ ስልክዎ አልተነሣም። በሩን እንስበረው ስላቸው፣ አሁን ቢሰበርም ካሜራው የሚያይበት ቦታ የለም፣ አልፏል አሉኝና በአሮጌው ክፍል ልጄን ከደረቷ በታች እስከ እምብርቷ ግርጌ ድረስ በቢላዋ ከፈቷት። የጠቆረውን ቆርጠው አወጡት። በሕይወት አለች፤ ስለዚህም አምላኬንና እኚህን ሰው አመሰግናለሁ።

ዛሬ ጠዋት ምንጣፉ ተነጥፎ ሳለ ተኩስ ተጀመረ። መጀመሪያ ርችት መስሎን ነበር። ከዚያ አውሮፕላኖቹ መጡ፤ መብራቱ ጠፋ፤ በኮሪደሩ ያለው መስታወት ረገፈ። የትሁትን አልጋ ከመስኮቱ አርቀን ወደ ግድግዳው አስጠጋነው። ኒዕማ ከጀብራ ደውላ «ውጡ፣ ያላ፣ አሁኑኑ ውጡ!» እያለች ሳለ መስመሩ ተቋረጠ። እንግዳዎ አልመጡም፤ የእሳቸው ሰዎች ይሁኑ የጠላቶቻቸው ባይታወቅም፣ መሣሪያ የያዙ ልጆች በበሩ ፊት ቆመዋል። ደብዳቤውን እለጥፈዋለሁ ወዳልኩበት ቦታ መድረስ ስለማይቻል በቢሮዎ በር ላይ እለጥፈዋለሁ።

የእርስዎ መኪና በኋላው በር ስትወጣ ከደረጃው መስኮት አይቻታለሁ። ከዚያ ወዲህ መራመድ የሚችል በሽተኛ ሁሉ በአስታማሚው ትከሻ ተደግፎ ወጥቷል፤ ሕንፃው ውስጥ የቀረነው ጥቂት ነን። ትሁት ስፌቷ ገና አንድ ቀን አልሞላውም፤ ትንሽ ቀና ልናደርጋት ስንሞክር ራሷን ስታለች፤ ስለዚህ ስንቅነሽም እኔም ዶክተር ዛኪርም እዚሁ ነን። ሐኪሙን አንድ ነገር ጠይቄያቸው ነበር፤ መልሳቸውን ማወቅ የሚገባዎ እርስዎ ስለሆኑ እጽፍልዎታለሁ። ሰኞ ዕለት ያ በር ተከፍቶላት ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ጠዋት ልጄ ያንን ደረጃ እንደ እርስዎ በእግሯ ትወርደው ነበር ብለዋል።